የሚኬላንጄሎ ታሪክ

ሚኬላንጄሎ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1475 ዓመት በኢጣሊያ አገር ተወለደ። አባቱ ሎዶቪኮ ሀብቱ ያነሰ፥ ነገር ግን በዘሩ የሚመካ ሰው ነበረ፤ ስለዚህ ልጁ ሰዋስው መማሩን ትቶ ሥዕል ሲሥል ባገኘው ጊዜ እጅግ አፈረ። ጠይብንና ሸማኔን መናቅ በእኛም አገር የታወቀ ነበርና፥ የዚህን ሰው ኀፍረት ለማስተዋል አይቸግረንም። አባቱና አጎቶቹ የእጅ ሥራ ቤታቸውን የሚያዋርድ መስሏቸው ብዙ ጊዜ ደበደቡት፤ ልጁ ግን አልተወም። በ1488 ዓመት፥ 13 ዓመት ሲሆነው፥ አባቱ ተሸንፎ ሥራውን እንዲማር ለሠዓሊው ለጊርላንዳዮ ሰጠው።

በፍሎሬንስ ከተማ ሌሎች ጀምረው የተዉት፥ ብዙ ዘመን ተጥሎ የኖረ ታላቅ እብነ በረድ ነበረ። ሚኬላንጄሎ ከ1501 እስከ 1504 ዓመት ደክሞ ከዚያ ድንጋይ የዳዊትን ምስል አወጣ፤ ቁመቱም ከ5 ሜትር ይበልጣል። በእጁ ሥራ ባገኘው ገንዘብም ያንኑ አባቱንና ወንድሞቹን ሲረዳ ኖረ።

ነገር ግን በልጅነት የገባ ኀፍረት ቶሎ አይለቅም። ስሙ በብዙ አገር ከተሰማ በኋላ እንኳ፥ በ1548 ዓመት፥ በሚላክለት ደብዳቤ ላይ ምስል ጠራቢ ተብሎ እንዳይጻፍ ለወንድሙ ልጅ አስታወቀ። እጁ ግን አላፈረም፤ በ1564 ዓመት በሮማ ከተማ በ88 ዓመቱ ሊሞት ጥቂት ቀን ሲቀረው፥ ገና መሮውን ይዞ ድንጋይ ይጠርብ ነበር።