አልፍሬድ ሎትካ፤ የደራስያንን ድርሻ በቁጥር የመዘነ ሊቅ

የአንድ ምሁር የሥራ ፍሬ በምን ይመዘናል ለሚለው ጥያቄ በዛሬው ዘመን በብዙ ዩኒቨርስቲዎችና የምርምር ድርጅቶች የሚሰጠው መልስ ቁጥር ነው። ያሳተማቸው ጽሑፎች ይቆጠራሉ፤ ሌሎች ተመራማሪዎች ሥራውን በማጣቀሻነት የጠቀሱበት ጊዜ ይደመራል፤ ሹመቱም፣ የደረጃ ዕድገቱም፣ ለምርምር የሚሰጠው ገንዘብም በዚሁ ሚዛን ይወሰናል። ልማዱ ይህን ያህል ሥር ቢሰድም፣ በመነሻው ላይ ከቆሙት ሰዎች አንዱ ማን እንደ ነበረና ሊለካ የፈለገውም ምን እንደ ነበር አስታውሶ የሚናገር ብዙ አይደለም። ይህ ሰው አልፍሬድ ጄምስ ሎትካ ነው። የሎትካ ሕይወት ሊመረመር የሚገባው የቁጥርን ኃይል ስላሳየ ብቻ ሳይሆን፣ የራሱ ታሪክ ቁጥር የማይደርስበትን ወሰን ጭምር ስለሚገልጽ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሎትካ የተወለደው ማርች 2 ቀን 1880 በሌምበርግ ከተማ ነው። ይህች ከተማ በዚያን ጊዜ በኦስትሪያና ሀንጋሪ ንጉሠ ነገሥት መንግሥት ሥር የነበረች ስትሆን ዛሬ ልቪቭ ተብላ በዩክሬን ትገኛለች። ወላጆቹ የአሜሪካ ዜጎች ነበሩ። ከፍተኛ ትምህርቱን በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም ዩኒቨርስቲ ተከታትሎ በ1901 በፊዚክስና በኬሚስትሪ የመጀመሪያ ዲግሪውን ተቀበለ። በዚያ ካስተማሩት መካከል ታዋቂው የፊዚክስ ሊቅ ጆን ሄንሪ ፖይንቲንግ ይገኝበታል። ከዚያም ለአንድ ዓመት ያህል የፊዚካል ኬሚስትሪ ትምህርት ማዕከል ወደ ነበረችው ወደ ላይፕሲሽ ሄዶ ተማረ። ዕድሜውን ሁሉ ያልተለየው ሐሳብ ሥር የያዘው በዚህ ወቅት ነበር። ይኸውም ሕይወት ያላቸው ነገሮች መብዛትና መጥፋት፣ መለዋወጥና መመጣጠን፣ ልክ በብርጭቆ ውስጥ እንደሚዋሃዱ ንጥረ ነገሮች በሒሳብ ሊገለጥ ይችላል የሚለው ሐሳብ ነው።

በ1902 ወደ አሜሪካ ከተሻገረ በኋላ የገፋው ኑሮ የዩኒቨርስቲ መምህር ኑሮ አልነበረም። እስከ 1908 በጄኔራል ኬሚካል ኩባንያ በኬሚስትነት ሠራ። በ1909 ከኮርኔል ዩኒቨርስቲ የማስተርስ ዲግሪ አገኘ፤ በዚያው ዓመት በአሜሪካ የፓተንት መሥሪያ ቤት መርማሪ ሆነ፤ ከዚያም እስከ 1911 በብሔራዊው የመለኪያዎች ቢሮ በረዳት ፊዚሲስትነት አገለገለ። ከ1911 እስከ 1914 የሳይንቲፊክ አሜሪካን መጽሔት ተጨማሪ እትም አዘጋጅ ነበር። በ1914 ወደ ቀድሞ ኩባንያው ተመልሶ እስከ 1919 ቆየ። በዚህ ሁሉ መካከል በ1912 ከበርሚንግሃም የዶክትሬት ማዕርግ ተቀበለ። ምርምሩን የሚያካሂደው እንጀራውን ከሚያገኝበት ሥራ ጎን ለጎን እንጂ ለዚሁ ተብሎ በተሰጠው ወንበርና ደመወዝ አልነበረም።

ይሁን እንጂ ከእነዚህ ዓመታት የወጡት ጽሑፎች ቀላል አልነበሩም። በ1910 አንዳንድ የኬሚካል ውህደቶች ወደ ሚዛን ከመድረሳቸው በፊት ከፍና ዝቅ እያሉ ሊወዛወዙ እንደሚችሉ በሒሳብ አሳየ። በ1911 ከኮርኔሉ የሒሳብ ሊቅ ከፍራንሲስ ሻርፕ ጋር ሆኖ፣ በየዕድሜው ያለው የልደትና የሞት መጠን ሳይለወጥ ከቆየ የአንድ ሕዝብ የዕድሜ ስብጥር ከጊዜ በኋላ ወደ ቋሚ ቅርጽ እንደሚያመራ የሚያስረዳውን ጥናት አወጣ። በ1920 ደግሞ አንዱ ወገን ሌላውን እየተመገበ የሚኖርባቸው ሁለት ፍጥረታት ቁጥራቸው እየተፈራረቀ ያለማቋረጥ ሊጨምርና ሊቀንስ እንደሚችል ገለጠ።

በ1922 ሬይሞንድ ፐርል የተባለው የባዮሎጂ ሊቅ ይሠራበት ወደ ነበረው ወደ ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርስቲ ገባ፤ እስከ 1924 በዚያ ቆይቶም ዋና መጽሐፉን አዘጋጀ። የፊዚካዊ ባዮሎጂ መሠረቶች የሚል ትርጉም ያለው ይህ መጽሐፍ በ1925 ታተመ። ከ1924 ጀምሮ እስከ ጡረታው ድረስ ግን የሠራው በኒው ዮርክ በሚገኘው በሜትሮፖሊታን የሕይወት ኢንሹራንስ ኩባንያ በስታቲስቲክስ ክፍል ነው።

የደራስያንን ድርሻ የቆጠረው በዚህ አዲስ ሥራው መጀመሪያ ላይ ነበር። ልዩ ልዩ ችሎታ ያላቸው ሰዎች ለሳይንስ ዕድገት እያንዳንዳቸው ምን ያህል እንደሚያዋጡ ማወቅ ፈለገ። ለዚህም ሁለት መዝገቦችን መረጠ። አንደኛው ከ1907 እስከ 1916 የወጡትን የኬሚስትሪ ጽሑፎች የሚዘረዝረው የኬሚካል አብስትራክትስ የአሥር ዓመት የስም ማውጫ ነው። ከዚህ ውስጥ ስማቸው በላቲን ፊደል የመጀመሪያ ሁለት ሆሄያት የሚጀምሩትን 6,891 ሰዎች ወሰደ። ሁለተኛው ጀርመናዊው ፌሊክስ አወርባኽ ያዘጋጀው፣ እስከ 1900 ድረስ በፊዚክስ የተገኙትን ታላላቅ ግኝቶች የሚመዘግበው የታሪክ ሠንጠረዥ ሲሆን፣ ከዚህ 1,325 ስሞችን አገኘ። የመዝገቦቹ ጠባይ የተለያየ ነው። የመጀመሪያው ታላቁንም ታናሹንም ጽሑፍ ሳይለይ ይይዛል፤ ሁለተኛው ግን የላቁትን ብቻ መርጦ የያዘ ስለ ሆነ ከብዛት በተጨማሪ ጥራትንም በመጠኑ ያንጸባርቃል።

ቆጠራው ያስገኘው ውጤት አስገራሚ ነበር። ከኬሚስቶቹ መካከል 3,991 ሰዎች፣ ማለትም ከመቶ 58 ያህሉ፣ በአሥር ዓመት ውስጥ ያበረከቱት አንድ ጽሑፍ ብቻ ነው። ሁለት ያበረከቱት 1,059 ሲሆኑ ከመቶ 15 ያህል ናቸው። ከፊዚክስ ሊቃውንቱ መካከል ደግሞ አንድ ጊዜ ብቻ የተመዘገቡት 784፣ ሁለት ጊዜ የተመዘገቡት 204 ናቸው፤ ይህም ከመቶ 59ና 15 ያህል መሆኑ ነው። ሎትካ ቁጥሮቹን በሎጋሪዝም ወረቀት ላይ ባሰፈራቸው ጊዜ በሁለቱም በኩል ነጥቦቹ ከሞላ ጎደል በቀጥተኛ መሥመር ተሰለፉ። የመሥመሩን ዝንባሌ ሲያሰላ ለኬሚስትሪ 1.89፣ ለፊዚክስ 2.02 ያህል አርቢ አገኘ። ሁለቱም ለ2 የቀረቡ ናቸው።

በቀላል አነጋገር ሕጉ ይህን ይላል። በአንድ የትምህርት ዘርፍ አንድ ጽሑፍ ብቻ ያበረከቱ 100 ሰዎች ቢኖሩ፣ ሁለት ያበረከቱት 100 ለ4 ተካፍሎ 25፣ ሦስት ያበረከቱት 100 ለ9 ተካፍሎ 11 ያህል፣ አሥር ያበረከቱት ደግሞ 100 ለ100 ተካፍሎ 1 ይሆናሉ። አርቢው ልክ 2 ከሆነ ከጠቅላላው ደራስያን አንድ ብቻ ያበረከቱት ስንት እጅ እንደሚሆኑ ለማወቅ 1፣ አንድ አራተኛ፣ አንድ ዘጠነኛ እየተባለ የሚቀጥለውን ማለቂያ የሌለው ድምር ማግኘት ያስፈልጋል። ሒሳቡ ከመቶ 60.8 ይሰጣል። ስለዚህ ከደራስያን አብዛኛው ክፍል አንድ ጊዜ ብቻ ጽፎ የሚያልፍ ነው ማለት ነው። በሌላው ጫፍ የሚገኙት ጥቂቶች ግን እጅግ ብዙ ይጽፋሉ፤ ከተቆጠሩት ኬሚስቶች መካከል ከሦስት መቶ በላይ ጽሑፍ የተመዘገበለት ሰው ነበር። ሎትካም በዚህ ጫፍ ላይ ነጥቦቹ ስለሚበታተኑ ስሌቱን የመሠረተው ሥርዓት በያዙት የመጀመሪያዎቹ ነጥቦች ላይ ነው። ጽሑፉ በ1926 በዋሽንግተን የሳይንስ አካዳሚ መጽሔት ወጣ።

በዚህ ቆጠራ ውስጥ ግን ትንሽ የምትመስል፣ ነገር ግን ብዙ የምታስከትል ውሳኔ አለች። አንድን ጽሑፍ ብዙ ሰዎች በኅብረት አዘጋጅተውት ከሆነ ሎትካ ሙሉውን ድርሻ የሰጠው ለዋናው ደራሲ ብቻ ነው፤ የተቀሩት ከቆጠራው ወጡ። ሥራውን ለማቃለል ይህ አመቺ ነበር። ነገር ግን ይኸው ሕግ ወደ ራሱ ወደ ሎትካ ቢመለስ ምን ይከተላል? የ1911ዱ የሕዝብ የዕድሜ ስብጥር ጥናት ሻርፕና ሎትካ ተብሎ ስለሚጠራ ድርሻው ለሻርፕ ይሆናል። በ1925 እውነተኛውን የሕዝብ የተፈጥሮ ዕድገት መጠን ያሰላበት ዝነኛ ጽሑፍ በመጀመሪያ የሚይዘው የኢንሹራንስ ኩባንያው የስታቲስቲክስ ክፍል ኃላፊ የነበረውን የሉዊስ ደብሊንን ስም ነው። የሰው ልጅ ሕይወት በገንዘብ ሲተመን ስለሚያወጣው ዋጋ በ1930፣ ስለ ዕድሜ ርዝመትም በ1936 የታተሙት መጻሕፍት እንደዚሁ ናቸው። ዛሬ ሎትካን ከዘመናዊው ሥነ ሕዝብ መሥራቾች አንዱ ያሰኙት ከእነዚህ ሥራዎች ዋና ዋናዎቹ በራሱ የአቆጣጠር ሕግ ለእሱ አይመዘገቡም ነበር ማለት ነው።

የባለቤትነት ጥያቄ በሌላም መንገድ አጋጥሞታል። ቆጠራውን ባሳተመበት በ1926 ጣሊያናዊው የሒሳብ ሊቅ ቪቶ ቮልቴራ በአድርያቲክ ባሕር የዓሣ ምርት ላይ በታየው መለዋወጥ ተነሣሥቶ የአዳኝና የታዳኝ ፍጥረታትን እኩልዮሽ በኔቸር መጽሔት አቀረበ። እኩልዮሹ ሎትካ ቀደም ሲል ካሳተመው ጋር አንድ ነበር። ሎትካ በ1927 ለዚሁ መጽሔት በጻፈው ደብዳቤ ቀደምትነቱን አስታወቀ፤ ቮልቴራም የሁለት ፍጥረታትን ጉዳይ በተመለከተ ቀደምትነቱን ተቀበለለት። ጉዳዩ በሰላም አልቆ እኩልዮሹ እስከ ዛሬ በሁለቱም ስም ይጠራል። ይህን ድርሻ ለሎትካ ያስገኘለት ግን የጽሑፎቹ ብዛት ሳይሆን የአንድ ጽሑፍ ይዘትና የታተመበት ዘመን ነው።

የ1926ቱ ጥናት ራሱ ለብዙ ዓመታት ያህል ተረስቶ ቆየ። በአንጻሩ በ1927 ግሮስና ግሮስ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን አንድ ኮሌጅ የትኞቹን የኬሚስትሪ መጽሔቶች ቢገዛ እንደሚሻል ለማወቅ በአንድ መጽሔት ውስጥ ያሉትን ማጣቀሻዎች ቆጥረው ሌላ መንገድ ከፈቱ። ዩጂን ጋርፊልድ በ1955 የማጣቀሻ ማውጫ ሐሳብን አቀረበ፤ በ1964ም ማውጫው በመጽሐፍ መልክ ለገበያ ዋለ። የሳይንስ ታሪክ ሊቁ ዴሬክ ደ ሶላ ፕራይስ በ1963 ባሳተመው መጽሐፍ የሎትካን ሕግ ለሰፊው አንባቢ አስተዋወቀ። በ2005 ሆርኼ ሂርሽ አንድ ቁጥር ብዛትንና ተጠቃሽነትን አጣምሮ እንዲይዝ አደረገ፤ በዚህ መለኪያ 20 የሚባለው ሰው እያንዳንዳቸው ቢያንስ 20 ጊዜ የተጠቀሱ 20 ጽሑፎች ያሉት ነው።

መለኪያው እየረቀቀ ቢሄድም ሎትካ የቆረጠው ጉዳይ ዛሬም እንዳከራከረ ነው። አራት ሰዎች አንድ ጽሑፍ ቢያዘጋጁ፣ ለእያንዳንዳቸው ሙሉ አንድ የሚሰጥ አቆጣጠር ከአንድ ጽሑፍ አራት ይፈጥራል። ሩብ ሩብ የሚያካፍለው ድምሩን ይጠብቃል፤ ነገር ግን ቀኑን ሙሉ የደከመውንና ለአንድ ሰዓት የረዳውን እኩል ያደርጋል። ለመጀመሪያው ብቻ የሚሰጠው ሦስቱን ያጠፋል። ከተመረጠው ዘዴ ጋር የሕጉ አርቢም ይለወጣል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው እንደሚባለው፣ የዛሬ ምርምር የብዙ ሰዎች ሥራ ሆኗል፤ የመለኪያው አበጅ ግን ሎሚው የማን እንደ ሆነ መወሰን አለበት። ውሳኔውም የሒሳብ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የፍርድ ጉዳይ ነው።

ሎትካ በ1938 የአሜሪካ የሥነ ሕዝብ ማኅበር፣ በ1942 ደግሞ የአሜሪካ የስታቲስቲክስ ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆነ። በዲሴምበር 5 ቀን 1949 በኒው ጀርሲ ግዛት በሬድ ባንክ በተወለደ በ69 ዓመቱ አረፈ። ሕጉ ስለ ብዙ ሰዎች ስብስብ የሚናገር እንጂ በአንድ ሰው ላይ ፍርድ ለመስጠት የተሠራ አልነበረም። እሱ የቆጠረው የሳይንስን ቅርጽ ለማወቅ ነው፤ በኋላ የመጡት ቢሮዎች ግን ቁጥሩን ሰውን ለመመዘን ተጠቀሙበት። በዚህ ልማድ የተጎዱ ተመራማሪዎች በመብዛታቸው በ2012 በሳን ፍራንሲስኮ የተሰበሰቡ ሳይንቲስቶች አንድ ሰው በመጽሔት መለኪያ ቁጥር እንዳይመዘን የሚጠይቅ መግለጫ እስከ ማዘጋጀት ደርሰዋል። የሙያ ባልደረባውን ሥራ እንዲመዝን የተጠራ ሰው የቁጥር ሠንጠረዥ ሲቀርብለት ከእያንዳንዱ ቁጥር በስተጀርባ የትኛው የአቆጣጠር ሕግ እንዳለ ሊጠይቅ፣ ከዚያም ጽሑፉን ራሱን ከፍቶ ሊያነብ ይገባዋል። ከመቶ ስልሳ ያህሉ አንድ ጊዜ ብቻ ከሚጽፉበት ዓለም ውስጥ ያ አንድ ጽሑፍ ምን እንደያዘ የሚነግር ሕግ ሎትካ አላወጣምና።