ኢብኑል-ሀይሰም፦ ነጸብራቅን ከቀለም የለዩት ሊቅ

በሪያድ ከተማ ዑለያ ሰፈር፣ በንጉሥ ፋህድ መንገድና በዑለያ ጎዳና መካከል፣ የንጉሥ ፋህድ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2013 የተጠናቀቀው አዲሱ ሕንፃ ዙሪያውን በነጭ ሸራ መሰል መጋረጃ የተሸፈነ ሲሆን፣ መጋረጃው የበረሃውን ፀሐይ አለዝቦ ወደ ውስጥ ያስገባል። ሰፈሩ የመስተዋት ሕንፃዎች ሰፈር ነው። 267 ሜትር ከፍታ ያለው የፈይሰሊያ ማማና 302 ሜትር የሚደርሰው የመምለካ ማማ የቆሙት በዚሁ አካባቢ ነው። ቀትር ላይ ከመስተዋቶቹ ተመልሶ የሚመጣው ብርሃን ዓይንን ያጭበረብራል፤ ፊት ለፊት ያለውን ነገር ቀለም ለመለየትም ያስቸግራል።

ይኸው ችግር በጥርስ ሐኪም ወንበር ላይም አለ። ለተሰበረ የፊት ጥርስ ምትክ ሲሠራ አስቸጋሪው ከቅርጹ ይልቅ ቀለሙ ነው። ሐኪሙ 16 የቀለም ናሙናዎችን የያዘውን የታወቀ መለኪያ አውጥቶ አንድ በአንድ ከአጠገቡ ካለው ጥርስ ጋር ያስተያያል። ጥርስ ግን በምራቅ የረጠበና ልሙጥ በመሆኑ የመብራቱን ብርሃን እንደ መስተዋት መልሶ ወደ ዓይን ይረጨዋል፤ ያ ነጭ ብልጭታም ከሥሩ ያለውን እውነተኛ ቀለም ይሸፍነዋል። ስሕተቱ የሚገለጠው ጥርሱ ተሠርቶ ከተገጠመ በኋላ፣ ባለቤቱ ወደ ውጭ ወጥቶ በፀሐይ ብርሃን ሲስቅ ነው። ያን ጊዜ የሚቀረው ምርጫ አፍርሶ እንደገና መሥራት ወይም በሳቁ ቁጥር አፍን በእጅ መሸፈን ይሆናል።

ልሙጥ አካል የሚመልሰው ብርሃን የአካሉን ገጽታ ከዓይን እንደሚሰውር ከአንድ ሺህ ዓመት በፊት አስተውለው የጻፉት አቡ ዐሊይ አል-ሐሰን ኢብኑል-ሐሰን ኢብኑል-ሀይሰም ናቸው። ሊቁ በ354 ዓመተ ሂጅራ፣ እ.ኤ.አ. በ965 ገደማ፣ በኢራቅ በስራ ከተማ ተወለዱ። በስራ በዚያ ዘመን የወደብና የንግድ፣ የሰዋስውና የክርክር ከተማ ነበረች። ኢብኑል-ሀይሰም የዩክሊድን፣ የበጥሊሞስንና የጋሌኖስን ሥራዎች በዐረብኛ ትርጉም አጥንተው በሒሳብና በምሕንድስና ስማቸው ከኢራቅ አልፎ ተሰማ።

ዝናቸው ወደ ግብፅ ያደረሳቸው በዓባይ ምክንያት ነው። በ646 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት ታሪክ ጸሐፊ ኢብኑል-ቂፍጢ እንደሚተርኩት፣ ኢብኑል-ሀይሰም ግብፅ ቢሆኑ ኖሮ ወንዙ ሲሞላም ሲጎድልም ሕዝቡ የሚጠቀምበትን ሥራ እንደሚሠሩ ተናግረው ነበር። ወሬው እ.ኤ.አ. ከ996 እስከ 1021 በካይሮ ለገዙት ለፋጢሚዩ ኸሊፋ ለአል-ሓኪም ደረሰ። ኸሊፋው ገንዘብ ልከው አስመጧቸው፤ ከከተማው ውጭ ድረስ ወጥተውም ተቀበሏቸው። እንዲህ ያለ አቀባበል የተደረገለት ሰው ባዶ እጁን ሊመለስ እንደማይችል ግልጽ ነው።

ኢብኑል-ሀይሰም ከሠራተኞች ጋር ሆነው ወንዙን እየተከተሉ ወደ ደቡብ ተጓዙ። በመንገዳቸው የጥንቶቹ ግብፃውያን ያቆሟቸውን ሕንፃዎች ተመለከቱ፤ የልኩን ጥንቃቄ፣ የድንጋዩን አቆራረጥና የምሕንድስናውን ምጥቀት አስተዋሉ። ያን ጊዜ ልባቸው ተጠራጠረ፤ እንዲህ ያለ ዕውቀት የነበራቸው ሰዎች ወንዙን መግታት የሚቻል ቢሆን ኖሮ ሳይሞክሩት ባልቀሩ ነበር። ከአስዋን በስተደቡብ አል-ጀናዲል ከተባለው ድንጋያማ ስፍራ ደርሰው ውኃውን ከግራም ከቀኝም ከመረመሩ በኋላ ዕቅዳቸው እንደማይሠራ አረጋገጡ። ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነው ያ ውኃ ከኢትዮጵያ ተራሮች የክረምት ዝናብ የሚወርድ መሆኑን የዚህ ገጽ አንባቢ ያውቀዋል፤ ጎርፉን በአስዋን ዙሪያ ሙሉ በሙሉ ለመያዝ የበቃው ታላቁ ግድብ የተጠናቀቀው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው። ሊቁ በጡንቻና በድንጋይ ዘመን ሆነው ያቀረቡት ሐሳብ ስምንት መቶ ዓመት ከሚበልጥ ጊዜ የቀደመ ነበር ማለት ነው።

ተመልሰው ለኸሊፋው ይቅርታ ጠየቁ። አል-ሓኪም ይቅርታውን ተቀብለው በመንግሥት ሥራ ላይ ሾሟቸው። ሹመቱ ግን ደኅንነት አልነበረም፤ አል-ሓኪም ዛሬ የወደዱትን ነገ የሚያስገድሉ፣ ቁጣቸው የማይገመት ገዥ እንደነበሩ የዘመኑ ታሪክ ይመሰክራል። ሹመቱን አልቀበልም ማለት ሞት፣ ተቀብሎ መኖርም ሌላ ሞት መሰላቸው። በኢብኑል-ቂፍጢ ትረካ መሠረት ኢብኑል-ሀይሰም እንደ እብድ ሆኑ። ንብረታቸው ተወርሶ ሞግዚት ተመደበላቸው፣ እርሳቸውም በቤታቸው ተዘግቶባቸው ኸሊፋው እስኪሞቱ ድረስ በዚያ ቆዩ። ኢብን አቢ ኡሰይቢዓ የተባሉት ሌላው ታሪክ ጸሐፊ እብደት የመምሰሉን ታሪክ በስራ ውስጥ ከነበራቸው ሹመት ጋር ያያይዙታል። ሁለቱ ትረካዎች በቦታ ቢለያዩም የሚስሉት ሰው አንድ ነው፦ ለሥልጣን ጊዜውን ከሚሰጥ ይልቅ አእምሮውን የሳተ ተብሎ መጠራትን የመረጠ ሰው።

ሰባት ክፍል ያለውን ኪታብ አል-መናዚርን፣ ማለትም የማየትን መጽሐፍ፣ በእስር ቤታቸው እንደጀመሩት በሰፊው ይነገራል፤ አንዳንድ የኋላ ተመራማሪዎች ደግሞ የተጻፈበትን ጊዜ ከነጻነታቸው በኋላ ያደርጉታል። መቼም ይጻፍ፣ መጽሐፉ ለዘመናት የቆየ ክርክር ቋጨ። ዩክሊድና በጥሊሞስ ማየት የሚከናወነው ከዓይን በሚወጣ ጨረር ነው ይሉ ነበር። ኢብኑል-ሀይሰም ነገሩን ገለበጡት። ፀሐይን ትኩር ብሎ ያየ ዓይን ይታመማል፤ ብርቱ ብርሃን አይቶ ወደ ጨለማ የዞረም ምስሉ ለጊዜው አይለየውም። ስለዚህ ብርሃን ከውጭ ወደ ዓይን ይገባል እንጂ ከዓይን አይወጣም። ብርሃን ያረፈበት አካል እያንዳንዱ ነጥብ ወደ ሁሉም አቅጣጫ በቀጥታ መስመር ብርሃንንና ቀለምን ይልካል።

የሚደነቀው ሙግቱን በቃል ብቻ አለመተዋቸው ነው። በጨለማ ቤት ግድግዳ ላይ ትንሽ ቀዳዳ አበጁ፤ ከውጭ በኩል ብዙ መብራቶችን በተለያየ ቦታ አስቀመጡ። በውስጠኛው ግድግዳ ላይ በመብራቶቹ ቁጥር ልክ ብርሃኖች ታዩ። አንዱ መብራት ሲከለል የእርሱ ብርሃን ብቻ ጠፋ፤ ሲገለጥ ተመለሰ። ሁሉም ብርሃኖች በአንድ ጠባብ ቀዳዳ ውስጥ ሲያልፉ አልተደባለቁም። ይህንን ሙከራ ዛሬም ካርቶንና ሦስት ሻማ ያለው ተማሪ ሊደግመው ይችላል።

በዚሁ መጽሐፍ የመጀመሪያ ክፍል ነው ስለ ልሙጥ አካላት የጻፉት። ረቂቅ ቅርጽ የተቀረጸበት ልሙጥ አካል ብርቱ ብርሃን ሲያርፍበት፣ ተመልካቹ ብርሃኑ ተመልሶ በሚመጣበት ቦታ ላይ ከቆመ ቅርጹን አያየውም። አካሉን ትንሽ ዘንበል ሲያደርገው ወይም ራሱ ከቦታው ፈቀቅ ሲል ቅርጹ ይገለጣል። ቅርጹ ሁልጊዜ በቦታው ነበር፤ የሸፈነው ከላዩ የተመለሰው ብርሃን ነው። የጥርስ ሐኪሞችም ለብዙ ዘመን ከዚህ የተለየ መፍትሔ አልነበራቸውም፦ መስተዋቱን ማዘንበል፣ ጭንቅላትን ማጋደል፣ ታካሚውን ወደ መስኮት ማዞር።

ቀጣዩ እርምጃ የመጣው ከስምንት ምዕት ዓመታት በኋላ ነው። ከናፖሊዮን ጦር ጋር በግብፅ የቆየው ፈረንሳዊው መሐንዲስ ኤቲየን-ሉዊ ማሉስ እ.ኤ.አ. በ1808 በፓሪስ ሆኖ ከሉክሰምበርግ ቤተ መንግሥት መስኮቶች የተመለሰውን የፀሐይ ብርሃን ከአይስላንድ በመጣ ጥርት ያለ ድንጋይ ውስጥ ተመለከተ። ድንጋዩን ሲያሽከረክረው የሚታዩት ሁለት ምስሎች በየተራ ሲደበዝዙ አየ። ከመስተዋት የተመለሰ ብርሃን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚርገበገብ፣ ማለትም ፖላራይዝድ የሆነ፣ መሆኑ ያን ጊዜ ታወቀ። አሜሪካዊው ኤድዊን ላንድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1929 ይህንን ሥራ የሚሠራ ስስ ሉህ ለመሥራት በቅቶ ነገሩን ከቤተ ሙከራ ወደ መነጽር አወረደው።

ዛሬ አንዳንድ የጥርስ ሐኪሞች በግንባራቸው የሚያስሩት መብራትና የሚያደርጉት መነጽር የሚሠሩት በዚሁ መንገድ ነው። በመብራቱ ፊት አንድ ሉህ፣ በመነጽሩ ላይ ሁለተኛ ሉህ ይደረጋል፤ የሁለቱ አቅጣጫ በ90 ዲግሪ የተቃረነ ነው። ከጥርሱ ላይኛ ገጽ በቀጥታ የተመለሰው ብርሃን አቅጣጫውን ስለማይለውጥ መነጽሩ ያግደዋል። ወደ ጥርሱ ውስጥ ዘልቆ በኢናሜሉና በዴንቲኑ ውስጥ ተበታትኖ የወጣው ብርሃን ግን አቅጣጫውን ስለሚያጣ ከፊሉ ያልፋል፤ የጥርሱን ቀለም ይዞ የሚመጣውም እርሱ ነው። ሁለቱም በአንድ ራስ ላይ የታሰሩ በመሆናቸው ሐኪሙ ቢያጎነብስም ቢያዘነብልም ማዕዘኑ አይዛባም። መብራቱ ግን ብርቱ መሆን አለበት፤ ሉሆቹ ብዙውን ብርሃን ይበላሉና። ደግሞም ያለ ብልጭታ የታየ ጥርስ ሙሉ ጥርስ አይደለም፤ ጥርስ ሠሪው የገጹን ልስላሴና ስርጉድ ለመምሰል ያለ መነጽርም ሊያየው ይገባል።

ኢብኑል-ሀይሰም ስለ ቀለም የጻፉት በነጸብራቅ አያበቃም። ፀሐይ ባረፈበት ለምለም አትክልት አጠገብ የሚያልፍ ሰው ነጭ ልብስ አረንጓዴ ጥላ እንደሚያርፍበት አስተዋሉ። አንድ ዓይነት ቀለም በነጭ ላይ ሲነጠብ የጠቆረ፣ በጥቁር ላይ ሲነጠብ የነጣ መስሎ እንደሚታይም ገለጹ። ጥርስ ሐኪም ታካሚዋን የከንፈር ቀለሟን እንድትጠርግ የሚጠይቀው፣ ደማቅ ልብሷንም በግራጫ ጨርቅ የሚሸፍነው በዚሁ ምክንያት ነው። ዓይን ቀለምን ብቻውን አያይም፤ ከጎረቤቱ ጋር እያነጻጸረ ይፈርዳል እንጂ።

አል-ሓኪም እ.ኤ.አ. በ1021 አንድ ሌሊት ወደ ሙቀጠም ኮረብታ ወጥተው ሳይመለሱ ቀሩ። ኢብኑል-ሀይሰምም አእምሯቸው ጤነኛ መሆኑን ገልጠው ከቤታቸው ወጡ፤ ንብረታቸው ተመለሰላቸውና በአል-አዝሀር መስጂድ አጠገብ መኖር ጀመሩ። የመንግሥት ሹመት ዳግም አልፈለጉም። በየዓመቱ የዩክሊድን መጽሐፍ፣ የበጥሊሞስን አል-መጀስጢንና በመካከላቸው የሚነበቡትን የሒሳብ መጻሕፍት በእጃቸው ይገለብጡ ነበር፤ ዋጋው 150 የግብፅ ዲናር ሲሆን በድርድር የማይወርድ የዓመት ቀለባቸው ሆነ። በቀረው ጊዜያቸው ጻፉ፣ አስተማሩ። ካይሮ ውስጥ በ430 ዓመተ ሂጅራ፣ እ.ኤ.አ. በ1040 ገደማ፣ አረፉ፤ አላህ ይዘንላቸው።

ሁሉም ነገር ተሳክቶላቸው ነበር ማለት አይደለም። የማየት ስሜት የሚጀምረው በዓይን መካከል ካለው ሌንስ ነው ብለው ነበር፤ ምስሉ የሚያርፈው ከኋላ ባለው ሬቲና ላይ መሆኑን የገለጠው ኬፕለር እ.ኤ.አ. በ1604 ነው። ኬፕለር ራሱ ግን የተነሣው ከእርሳቸው መጽሐፍ ነበር። መጽሐፉ በ12ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻ ወይም በ13ኛው መጀመሪያ ወደ ላቲን ተተርጉሞ እ.ኤ.አ. በ1572 በባዝል ታተመ። ይሁን እንጂ የላቲኑ ቅጂ የመጀመሪያው ክፍል ሦስት ምዕራፎች ጎድለውት ነበር፤ ስለ ብርሃንና ቀለም ባሕርያት በሙከራ የተጻፈው ምዕራፍ ከእነርሱ አንዱ ነው። አውሮፓ ለዘመናት ያነበበው ይህን የጎደለውን ቅጂ ነበር። ሙሉው የመጀመሪያዎቹ ሦስት ክፍሎች የዐረብኛ ጽሑፍ በግብፃዊው ምሁር በዐብዱልሐሚድ ሰብራ ተዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ1983 በኩዌት ታተመ። ከመሠረቱት ጥንታዊ ቅጂዎች አንዱ በኢስታንቡል ተጠብቆ የሚገኝ ሲሆን፣ በ476 ዓመተ ሂጅራ በትውልድ ከተማቸው በበስራ የገለበጠው የሊቁ አማች አሕመድ ኢብን ሙሐመድ አል-ዐስከሪ ነው።