በአውሬ አፍ የተናገሩት ፊታውራሪ

ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1876 ዓ.ም. ተወለዱ። በልጅነታቸው ሩሲያ ሄደው የጦር ትምህርት ተማሩ። ሲመለሱ ያዩት ጉቦና ብልሹ አስተዳደር ቢያንገበግባቸው «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ»ን ጻፉ፤ የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔት የሚባለው እሱ ነው። መድረክ ላይ የሚናገሩት አውሬዎች ቢሆኑም፣ ነገሩ ለማን እንደተባለ መኳንንቱ አልጠፋቸውም። በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ።

ሌላ ሰው ቢሆን አኩርፎ ይቀር ነበር። እሳቸው ግን የ1923ቱን ሕገ መንግሥት አረቀቁ፤ በጄኔቫም ስለ አገራቸው ተሟገቱ። የሚገርመው፣ በዚያ ሕገ መንግሥት የመናገር ነፃነት አልተጠቀሰም፤ የሰፈረው በ1948ቱ ነው።

በ1969 ዓ.ም. አረፉ። የሕይወት ታሪካቸውን ያሳተመው የኛው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ነው። የተቹትን አገር ለማቅናት ትከሻቸውን የሰጡ ሰው ነበሩና፣ ያላነበባችሁ አንብቡት።