አቶ ይድነቃቸው ተሰማ፤ ከጎል ፊት እስከ ጉባኤ አዳራሽ

በ1954 ዓ.ም. ጥር 13 ቀን የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን በአዲስ አበባ ስታዲየም የአፍሪካን ዋንጫ አነሣ። በዚያው ዓመት ክረምት ሲገባ ኔልሰን ማንዴላ የተባሉ ደቡብ አፍሪካዊ የሕግ ሰው በከተማይቱ ምዕራብ፣ ኮልፌ በሚገኘው የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሰፈር የጦር ትምህርት ለመቅሰም መጡ፤ ትምህርታቸውን ሳይፈጽሙ ወደ አገራቸው ተጠርተው ወዲያው ተያዙ። ሁለቱ ነገሮች የማይገናኙ ይመስላሉ። ይሁን እንጂ የባለዋንጫው ቡድን አሠልጣኝ አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ዕድሜያቸውን የፈጁበት ክርክር ማንዴላን ኮልፌ ካደረሳቸው ጉዳይ የተለየ አልነበረም።

አቶ ይድነቃቸው መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. በጅማ ተወለዱ። አባታቸው ድምፃቸውን በጀርመን አገር በሸክላ ያስቀረፁት ባለቅኔው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው። ልጅየው ግን ልባቸው ወደ ኳስ አዘነበለ፤ በ1928 ዓ.ም. ለተመሠረተው ለቅዱስ ጊዮርጊስ ቡድን ገና በወጣትነታቸው ተሰለፉ። ወዲያው ፋሺስት ኢጣልያ አገሪቱን ወረረች፤ የአገሬው ተወላጅ ከነጭ ቡድን ጋር እንዳይጋጠም ተከልክሎ እርስ በርሱ ብቻ እንዲጫወት ተደረገ። መለያየት በሜዳ ላይ ምን እንደሚመስል አቶ ይድነቃቸው ያወቁት ከመጽሐፍ አይደለም።

በጨዋታ ዘመናቸው በ365 ግጥሚያዎች 318 ጎል እንዳስቆጠሩ ይነገርላቸዋል። ቁጥሩ የሚያስደንቅ ነው፤ ለሰውየው መመዘኛ ግን አይበቃም። ጎል ሲገባ ሕዝብ ይጮኻል፤ ደንብ ሲረቀቅና ፌዴሬሽን ሲቋቋም የሚያጨበጭብ የለም።

በየካቲት 1949 ዓ.ም. ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ በካርቱም ተሰብስበው የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን መሠረቱ። ደቡብ አፍሪካ ወይ ነጮች ብቻ ወይ ጥቁሮች ብቻ ያሉበት ቡድን እንጂ የተደባለቀ አልክም አለች። ኢትዮጵያን ወክለው የተገኙት አቶ ይድነቃቸውና ባልደረቦቻቸው ይህን አልተቀበሉም፤ ደቡብ አፍሪካም ከውድድሩ ወጣች። ተጋጣሚዋ ኢትዮጵያ ስለ ነበረች ቡድናችን ያለ ጨዋታ ለፍጻሜ አልፎ በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈ። ከዚያ ይልቅ የሚታወሰው ግን አራት አባላት ብቻ ያሉት ጨቅላ ማኅበር ከአራቱ አንዱን ለመተው መድፈሩ ነው።

ከአምስት ዓመት በኋላ በአዲስ አበባ ግብፅ ሁለት ጊዜ መርታ ኢትዮጵያ ሁለት ጊዜ አቻ ሆነች። በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አስቆጥረው ጨዋታው 4 ለ 2 አለቀ።

ክርክሩ ግን ወደ ፊፋ ተሻግሮ ነበር። በእንግሊዛዊው ሰር ስታንሊ ራውስ ፕሬዚዳንትነት ዘመን ደቡብ አፍሪካ ደጋፊ አላጣችም። አፍሪካም ለዓለም ዋንጫ የራሷ ቦታ አልነበራትም፤ ስለዚህ አገሮቿ እ.ኤ.አ. ከ1966ቱ ውድድር በአንድነት ቀሩ፤ ለ1970ው አንድ ቦታ ተሰጣቸው። በዚህ ሁሉ አቶ ይድነቃቸው ከግንባር ቀደሞቹ አንዱ ነበሩ። በ1964 ዓ.ም. የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ፤ በ1968 ዓ.ም. ፊፋ ሞንትሪያል ላይ ደቡብ አፍሪካን ከአባልነት አባረረ።

አቶ ይድነቃቸው በፕሬዚዳንትነታቸው ላይ እንዳሉ ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. ዐረፉ። ማንዴላ ያን ጊዜ በእስር ቤት ነበሩ። ደቡብ አፍሪካ በ1984 ዓ.ም. ወደ ፊፋ ተመለሰች፤ በ1988 ዓ.ም. ነጭና ጥቁር የተሰለፉበት ቡድኗ በጆሃንስበርግ የአፍሪካን ዋንጫ ሲያነሣ የኮልፌው ሠልጣኝ የአገር መሪ ሆነው የቡድኑን መለያ ለብሰው በስታዲየሙ ተገኝተዋል።