ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ፦ የሕግ ረቂቅና የሽማግሌ ወንበር

ከአዳማ ብዙ ሳይርቅ የሚገኘው የቆቃ ግድብ ኃይል ማመንጨት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው። በዚያው ዓመት ሌላም ታላቅ ግንባታ ተጠናቅቋል፤ ይኸውም 3,367 ቁጥሮች ያሉት የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ነው። እኛ መሐንዲሶች የግድቡን ንድፍ ለማወቅ እንጓጓለን፤ ውል በፈረምን ቁጥር የምንደገፍበትን ሕግ የነደፈውን ሰው ግን እምብዛም አናውቀውም።

ሬኔ ዳቪድ እ.ኤ.አ. በ1906 በፈረንሳይ አገር ተወለዱ። ሕግ ተምረው ገና በወጣትነታቸው መምህር ሆኑ፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላም በፓሪስ ዩኒቨርሲቲ የልዩ ልዩ አገሮችን ሕግ በማነጻጸር ማስተማራቸው ስማቸውን አስጠራ። የኢትዮጵያ መንግሥት ሕጎቹን በአዲስ መልክ ለማደራጀት በተነሣ ጊዜ የፍትሐ ብሔሩን ረቂቅ እንዲያዘጋጁ የተመረጡት እሳቸው ነበሩ። ረቂቁን በፈረንሳይኛ ጻፉ፤ የኢትዮጵያውያን ኮሚሲዮን መረመረው፤ ወደ አማርኛና ወደ እንግሊዝኛም ተተረጐመ። ሕጉ ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. ታውጆ መስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. በሥራ ላይ ዋለ።

ዳቪድ ሕግ ያለውን ኑሮ የሚመዘግብ ብቻ ሳይሆን ለሚመጣው ኑሮ መንገድ የሚጠርግ ነው ብለው ያምኑ ነበር። የአገሩ ልማድ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ ለአንድ ወጥ ሕግ መሠረት አይሆንም በማለትም ቁጥር 3347 ሕጉ በያዛቸው ጉዳዮች ላይ የነበረውን ልማድ ሁሉ እንዲሽር አደረጉ። በዚህ ረገድ ብዙ ተተችተዋል፤ ትችቱም ያለ ምክንያት አልነበረም። ከአዳማ እስከ መቂና ዝዋይ፣ ከዚያም እስከ ሻሸመኔ ድረስ በዛፍ ጥላ ሥር የሚቀመጠው የጃርሱማ ሽምግልና በአንድ ቁጥር የሚሻር አልነበረምና።

ሆኖም ልማድን የሻሩት እኚሁ ሰው ለሽምግልና በር ትተውለታል። ከቁጥር 3307 ጀምሮ እስከ 3346 ያሉት አንቀጾች ከፍርድ ቤት ውጭ ያሉትን ሦስት መንገዶች ይደነግጉ ነበር። አንደኛው ባለጉዳዮቹ እርስ በርስ ጥቂት ጥቂት ለቀው ክርክራቸውን የሚዘጉበት ስምምነት ነው። ሁለተኛው ሦስተኛ ሰው ገብቶ የሚያቀራርብበት ዕርቅ ሲሆን፣ አስታራቂው ራሱ የመፍረድ ሥልጣን የለውም። ሦስተኛው ተከራካሪዎቹ የመረጡት ዳኛ ሕግን ተከትሎ የሚወስንበትና ውሳኔው የሚያስገድድበት ዳኝነት ነው። በባልና በሚስት መካከል የሚነሣ ጠብም፣ ፍቺ እንኳ ሳይቀር፣ አስቀድሞ በዘመድ ዳኞች እንዲታይ ተወስኖ ነበር፤ የፍቺ ውሳኔ ለፍርድ ቤት የተሰጠው በ1992 ዓ.ም. በወጣው የቤተሰብ ሕግ ነው።

የዳቪድ አሳብ በኋላ ዘመናቸው ይበልጥ ወደዚህ አቅጣጫ አዘነበለ። እ.ኤ.አ. በ1964 ባሳተሙት የዓለም የሕግ ሥርዓቶች መጽሐፋቸው፣ እንደ ቻይናና ጃፓን ባሉ አገሮች ሙግት እንደ ነውር ታይቶ ዕርቅ እንደሚቀድም አስረድተዋል። እ.ኤ.አ. በ1976 የኤራስመስን ሽልማት ተቀበሉ፤ በ1982ም ስለ ዓለም አቀፍ ንግድ የግልግል ዳኝነት ሰፊ መጽሐፍ አወጡ። እ.ኤ.አ. በ1990 ዐረፉ።

ይህ ታሪክ ለሙያችን ምን ይጠቅማል? የመንገድ ወይም የሕንፃ ሥራ በክፍያ ክርክር ሲቆም ብረቱ ይዝጋል፤ ሲሚንቶው ይደርቃል፤ ሠራተኛውም ይበተናል። ሙግት ዓመታት ሲፈጅ ሁለቱም ወገኖች ይከስራሉ። ስለዚህ በየውላችን የግልግል አንቀጽ እናስገባለን። ነገር ግን በ1958 ዓ.ም. የወጣው የሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 315 የአስተዳደር ውሎችን ከግልግል ዳኝነት አግልሎ ነበር፤ ይህን ሳይመረምሩ የፈረሙ ሰዎች አንቀጻቸው በክርክሩ ቀን ዋጋ እንዳያጣ የሚያሰጋቸው ሆኖ ኖሯል። ዛሬ የዳቪድን የዕርቅና የዳኝነት አንቀጾች የተካው አዋጅ ቁጥር 1237/2013 ነው። ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ጋር የምንዋዋል ሁሉ የግልግሉን አንቀጽ ከመጻፋችን በፊት ሕግ የሚፈቅደው መሆኑን ማረጋገጥ ይገባናል።

ግድብ ያለ ማስተንፈሻ በር አይሠራም፤ የሞላው ውሃ መውጫ ካጣ ግንቡን ይገፋዋልና። ሬኔ ዳቪድም ሕጋቸውን ሲነድፉ ጠብ በዕርቅ የሚወጣበትን በር አልዘነጉም። ያን በር ከነአጠቃቀሙ ማወቅ የእኛ ፋንታ ነው።