ደረስጌ ማርያምና ደጃዝማች ውቤ

በስሜን ደጋ፣ በጃናሞራ ምድር ያለችውን ደረስጌ ማርያምን የሚሳለም መንገደኛ ሁሉ አስቀድሞ የሚያነሣው ዐፄ ቴዎድሮስ የነገሡባት መሆኗን ነው። ስለ አሠሪዋ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ቤተ ክርስቲያኒቱን ያሠሩት የስሜኑ ገዥ ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ናቸው፤ ያሠሯትም ለሌላ ሰው ዘውድ አልነበረም።

ውቤ የራስ ገብሬ የልጅ ልጅ፣ የደጃዝማች ኃይለ ማርያም ልጅ ናቸው። በ1823 ዓ.ም. በደብረ ዓባይ ጦርነት የየጁው ራስ ማርዬ ወድቀው፣ የትግሬው ደጃዝማች ሰባጋዲስም ተማርከው ከተገደሉ በኋላ፣ ትግሬ በውቤ እጅ ገባ። ከዚያ ወዲያ ከሃያ ዓመት በላይ ስሜንንና ትግሬን አጣምረው ገዙ፤ በምጽዋ በኩል የሚገባው ጠመንጃም ክንዳቸውን አበረታ።

አርቆ አሳቢነታቸውን ከጠመንጃው ይልቅ የሚያሳየው ጳጳስ ማስመጣታቸው ነው። ያለ ጳጳስ ቅባት ዘውድ አይጸናምና፣ በ1833 ዓ.ም. ወደ ግብፅ መልእክተኞች ልከው አቡነ ሰላማን አስመጡ። በ1834 ዓ.ም. በደብረ ታቦር የራስ ዓሊን ሠራዊት ድል አደረጉ፤ ሆኖም በድንኳናቸው ግብዣ ተቀምጠው ሳለ የዓሊ ዘመድ ደጃዝማች ብሩ አሊጋዝ ድንገት ደርሰው ማረኳቸው። አሸናፊ በማዕዱ ላይ የተያዘበት እንዲህ ያለ ውሎ በዘመነ መሳፍንትም ቢሆን ብርቅ ነው። በኋላ በስምምነት ተለቀው ወደ ግዛታቸው ተመለሱ።

በደረስጌ ማርያም ሥራ ሺምፐርና ዛንደር የተባሉ ጀርመናውያን እጅ አለበት። ሺምፐር የዕፀዋት ተመራማሪ፣ ዛንደር ሠዓሊ ነበሩ። ዕፅ ለቃሚ ሕንፃ አሠሪ መሆኑ ያስገርም ይሆናል፤ በመሳፍንት ቤት ግን የውጭ አገር ሰው የሚያውቀውንም የማያውቀውንም እንዲሠራ ይታዘዝ ነበር።

ጎሹን፣ ከዚያም ዓሊን በተራ ድል የነሡት ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ ወደ ስሜን ወጡ። የካቲት 3 ቀን 1847 ዓ.ም. በዚያው በደረስጌ ጦርነት ሆነ፤ ውቤ ቆስለው ተማረኩ። ከሁለት ቀን በኋላ ካሣ፣ ውቤ ባሠሯት ቤተ ክርስቲያን፣ ውቤ ባስመጧቸው ጳጳስ እጅ ተቀብተው ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ።

ውቤ የቀረ ዘመናቸውን በቴዎድሮስ እጅ አሳልፈው፣ የመቅደላን ውድቀት ሳያዩ አረፉ። ልጃቸው ጥሩ ወርቅ የማራኪያቸው ሚስት ሆነው እቴጌ ተባሉ፤ በ1853 ዓ.ም. ልዑል ዓለማየሁን ወለዱ። ከመቅደላ በኋላ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ ባሕር ሲጓዙ፣ በግንቦት 1860 ዓ.ም. በመንገድ ሞቱና ራስ ወልደ ሥላሴ ባሠሯት በጨለቆት ሥላሴ ተቀበሩ። ሕፃኑ ግን ጉዞውን ቀጠለ። በኅዳር 1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ በእንግሊዝ አገር ሲሞት፣ የእንግሊዝ ነገሥታት በሚያርፉበት በዊንዘር ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ። ዐፅሙ ወደ አገሩ እንዲመለስ ከቤተሰቡ ወገን የቀረበውን ጥያቄ የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት በ2015 ዓ.ም. አልተቀበለውም፤ የሰጠውም ምክንያት በአካባቢው ያረፉትን የሌሎችን ዐፅም ሳይነኩ ማውጣት አይቻልም የሚል ነበር።