ኒልስ ሄንሪክ አቤልና የግማሽ ዴሪቬቲቭ አጀማመር

በአምቦም ሆነ በጉደር ለዳቦ የተቦካ ሊጥ በድንገት ሲጎተት እንደ ላስቲክ ወደ ኋላ ይሰበሰባል፤ ገበታ ላይ ሲተዉት ግን ቀስ በቀስ እንደ ፈሳሽ ይዘረጋል። እንዲህ ያለው ነገር ዝልግልግም ተለጣጭም ነው። በአንድ ቅጽበት የሚሰማው ውጥረት በዚያች ቅጽበት እንቅስቃሴው ብቻ አይወሰንም፤ ያለፈበትም ሁኔታ ይቆጠራል። ይህን ትዝታ በሒሳብ ለመግለጽ ዛሬ ተመራማሪዎች የሚጠቀሙበትን ኢንቴግራል እ.ኤ.አ. በ1823 የጻፈው፣ የፈሳሽ ጥናት ዓላማው ያልነበረ አንድ ድኻ የኖርዌይ ተማሪ ነበር።

ኒልስ ሄንሪክ አቤል እ.ኤ.አ. ኦገስት 5 ቀን 1802 ተወለደ (ከዚህ በታች ያሉት ዘመናትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። አባቱ ቄስና የምክር ቤት አባል ነበሩ፤ በ1820 ሲሞቱ ቤተ ሰቡ በችግር ላይ ወደቀ። ተሰጥኦውን አስቀድሞ የተረዳው በክርስቲያኒያ ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህሩ የነበረው ሆልምቦ ነው። አቤል በ1821 ዩኒቨርሲቲ ሲገባ መምህራኑ ከገዛ ኪሳቸው አዋጥተው አኖሩት።

የ1823ቱ ጽሑፍ መነሻ የመካኒክስ ጥያቄ ነው። አንዲት ዶቃ በኩርባ ላይ ያለ ሰበቃ ስትንሸራተት ታች ለመድረስ የሚፈጅባት ጊዜ ለየመነሻ ከፍታው ከታወቀ፣ የኩርባው ቅርጽ ምንድን ነው? ጊዜው ከየትም ከፍታ ቢነሱ እኩል በሚሆንበት ሁኔታ መልሱ ሳይክሎይድ መሆኑን ሃይገንስ በ1673 አሳትሞ ነበር። አቤል ግን ጊዜው ማንኛውም ፋንክሽን ቢሆን ብሎ ጠየቀ። የዶቃዋ ፍጥነት በወረደችበት ከፍታ ስኩዌር ሩት ስለሚወሰን፣ የሚፈለገው ፋንክሽን በኢንቴግራል ውስጥ፣ በከፍታዎች ልዩነት ስኩዌር ሩት ተካፍሎ ይገኛል። አቤል ኃይሉን ከግማሽ ወደ ማንኛውም በ0 እና በ1 መካከል ወዳለ ቁጥር አሰፋው፤ መልሱንም በክፍልፋይ ደረጃ ዴሪቬቲቭ ጻፈው። በ1826 ጉዳዩን በክሬል መጽሔት ዳግም ሲያቀርበው ይህን አጻጻፍ ተወው። የክፍልፋይ ካልኩለስ ታሪክ በ1832 ከሊዩቪል ሲጀመር በብዛት የሚታየውም ሳይሆን አይቀርም ከዚህ የተነሣ ነው።

የግማሽ ዴሪቬቲቭ ከፈሳሽ ጋር ያለው ዝምድና ግን ሰው ሠራሽ አይደለም። በረጋ ተራ ፈሳሽ ላይ ያረፈ ሰፊ ጠፍጣፋ ገበታ በገዛ ገጹ አቅጣጫ መንቀሳቀስ ሲጀምር፣ በገጹ ላይ ያለው የሸርተቴ ውጥረት የፍጥነቱ የግማሽ ዴሪቬቲቭ በጥግግትና በዝልግልግነት ብዜት ስኩዌር ሩት ሲባዛ ነው። ዝልግልግና ተለጣጭ ለሆኑት ማክስዌል በ1867 ያቀረበው ሞዴል ውጥረት በኤክስፖኔንሻል ይረግባል ይላል፤ ሊጥና አይብን የመሰሉ ነገሮች ግን ከዚያ ይልቅ ወደ ፓወር ሕግ ይጠጋሉ። በ1940ዎቹ ስኮት ብሌር ውጥረትን ከቅርጽ ለውጡ የክፍልፋይ ዴሪቬቲቭ ጋር ያያያዘው ለዚህ ነው፦ ደረጃው 0 ሲሆን ጠጣር፣ 1 ሲሆን ፈሳሽ፣ በመካከል ሲሆን ሊጥ።

አቤል ይህን ሁሉ አላየም። በ1824 የአምስተኛ ደረጃ እኩልታ በአልጀብራዊ ስሌት በጠቅላላው ሊፈታ እንደማይችል ያረጋገጠበትን ሥራ በራሱ ወጪ ሲያሳትም፣ ገንዘብ ለመቆጠብ በስድስት ገጽ አጨቀው፤ ጥቂቶች ብቻ አነበቡት። በ1826 ለፓሪስ አካዳሚ ያቀረበውን ታላቅ ጥናት ኮሺ ወስዶ ቸል አለው። በክርስቲያኒያ የተከፈተው የመምህርነት ቦታ እርሱ ውጭ ሳለ ለሆልምቦ ተሰጠ፤ ወዳጅነታቸው ግን አልሻከረም። በ1827 ዕዳና የሳንባ ነቀርሳ ይዞ ተመለሰ፤ ተማሪዎችን በግል እያስጠና ኖረ።

በ1828 የገና ሰሞን እጮኛውን ክርስቲን ኬምፕን ለማየት በብርድ ወደ ፍሮላንድ ተጓዘ፤ እዚያም ታመመ። ኤፕሪል 6 ቀን 1829 በ26 ዓመቱ ዐረፈ። ከሁለት ቀን በኋላ ክሬል በበርሊን ቋሚ ሥራ እንደተገኘለት የሚያበሥር ደብዳቤ ጻፈ። የፓሪስ አካዳሚ በ1830 ታላቅ ሽልማቱን ለአቤልና ለያኮቢ በጋራ ሰጠ፤ ቸል የተባለው ጥናት ደግሞ በ1841 ታተመ።